ልንንከባከባት ይገባል

ሃምሳ ሰባት ወረቀት ነው። መምህርት ፅጌረዳ ባዶው የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታነባለች። ቀይ እስክሪብቶዋ ከሠላሳኛው ወረቀት ወዲህ ሥራ ፈትቷል፤ ችግሩ ፊደልና ነጥብ በማረም የሚወጣ አልነበረምና። የአራተኛ «ለ» ልጆች የፈለጉትን ርዕስ መርጠው አስረጂ ጽሑፍ እንዲጽፉ ነበር የታዘዙት። አስረጂ ጽሑፍ ማለት ተረት ወይም የትናንት ገጠመኝ ሳይሆን፣ አንድ ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው የሚያሳውቅ ጽሑፍ ነው። ርዕሱስ ልዩ ልዩ ነበር፤ አንዱ ስለ ውሃ፣ አንዷ ስለ ዶሮ፣ አንዱ ስለ ኳስ ጽፏል። ማለቂያው ግን አንድ ነው። «ስለዚህ ውሃን ልንንከባከብ ይገባል።» «ስለዚህ ዶሮን ልንንከባከብ ይገባል።» «ስለዚህ ኳስን ልንንከባከብ ይገባል።»

አርባ ሦስተኛው የብሩኬ ወረቀት ነው። ብሩኬ ክረምቱን አርባ ምንጭ ዘመዶቹ ጋ ከርሞ የመጣ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። «የወባ ትንኝ ትናከሳለች። በሽታ ታስይዛለች። ብዙ ሰው ትገድላለች። ስለዚህ የወባ ትንኝን ልንንከባከባት ይገባል።»

ፅጌረዳ ሳቋ መጣ። ሳቁ ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ግን ሳል ሆነ፤ ሳሉም ቶሎ አልተዋትም። ውሃ ተጎነጨችና ወረቀቱን ገለበጠችው።

ሃያ ሰባት ዓመት አስተምራለች፤ ዘንድሮ የአራተኛ ክፍል ሦስቱም ምድብ፣ «ሀ»፣ «ለ»ና «ሐ»፣ የእሷ ናቸው። ከላፍቶ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋም የአሁኗም ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ድምጿ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ ዘንድሮ ደግሞ ከረፋዱ አራት ሰዓት መጥፋት ጀመረ። ሐኪሙ መስታወት አስገብቶ አይቶ፣ የድምፅ ክሮቿ ላይ ትንንሽ እባጮች እንዳሉ ነገራትና «እረፍት ያስፈልጋታል» የሚል ወረቀት ጻፈላት። ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ ለአምሐ ሰጠችው። አምሐና እሷ በአንድ ዓመት የተቀጠሩ፣ አንድ ዴስክ ላይ ምሳ የበሉ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ወንበር ላይ ከወጣ በኋላም ብቻቸውን ሲሆኑ አንተና አንቺ ነው የሚባባሉት።

«የቤተ መጻሕፍቱ ቦታ ክፍት ነው» አላት። «ሰው ዝም የሚልበት ብቸኛው ቤታችን እሱ ነው። ቁልፉን እሰጥሻለሁ። ግን ሱፐርቫይዘሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ የሚመጣውም የአራተኛ ክፍልን ጽሑፍ ሊያይ ነው። ክፍሉ ደክሞ ካገኘው አንቺን ሸሸች፣ እኔን ደበቃት ይለናል። ክፍሉን አሳምሪና ውጪ።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ሦስት ሳምንት ትሠራለች፣ ጽሑፉ ያምራል፣ ከዚያ ያቺን ጸጥ ያለች ክፍል ታገኛለች። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

በሩ ተከፈተና ሃምዛ ብቅ አለ። ሃምዛ አጠገቧ ያለውን አምስተኛ ክፍልን የሚያስተምር፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ድሮ ተማሪዋ ስለነበር እስከ ዛሬ ቲቸር ከማለት አልወጣም።

«ቲቸር፣ አልሄዱም እንዴ?»

«ብሩኬ የወባ ትንኝ እንንከባከብ ብሎ ይዞኛል።»

ሃምዛ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። «መልካም ልጅ ነው። አጎበር ይገዛላት ይሆናል።» ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሙኝ፣ ለምን ራስዎን ይገድላሉ? የእኔን ሞዴል ይውሰዱ።»

ሞዴል የሚባለው ነገር በዚህ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። አስተማሪው አንድ ድርሰት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ ርዕሱን በቀይ፣ የቀረውን በሰማያዊ። በቃላቸውም ይይዙታል። ፈተና ሲመጣ የአንዱን ነገር ስም አውጥተው የሌላውን ያስገባሉ። ደብተሩ ያምራል፣ ወላጅ ይደሰታል፣ የመጣው ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ያነሣል።

«የእኔ ስለ ንብ ነው» አለ ሃምዛ። «መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው። እርስዎ ይጽፉታል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ሦስት ሳምንት ያልፋል።»

«መደምደሚያው ምን ይላል?»

«ስለዚህ ንብን…» ብሎ ጀመረና ቆመ።

«ከማን ነው የተማርከው?»

«ከእርስዎ ነዋ። ላሟ የእርስዎ አይደለች እንዴ?» ብድግ አለና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ አሥር ዓመት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ወረደበት። «ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር፣ ሁለት ቀንድና አንድ ጅራት አላት። ላም ወተት ትሰጠናለች። ስለዚህ ላምን ልንንከባከባት ይገባል። አንድ ቃል ሳይጎድላት ነው ያለችው ቲቸር፤ የልጆቼን ስም ብረሳ እሷን አልረሳም።»

እውነቱን ነው። ያንን አረፍተ ነገር ወደዚህ ሰፈር ያስገባችው ራሷ ፅጌረዳ ናት።

ሃምዛ የረሳው ግን አንድ ነገር አለ፤ መስኮቱን ነው። ያኔ ፅጌረዳ ከብስራተ ገብርኤል በየጠዋቱ በእግሯ የምትመጣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበረች፤ ከክፍሉ መስኮት ማዶም የአቶ ዋቅጅራ ሽምብራ ማሳና አንዲት ቀይ ላም ነበሩ። ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስተምር ምን እንደምትል ጨንቋት ልጆቹን ወደ መስኮቱ ሰደደቻቸው። እዩና ንገሩኝ አለቻቸው። ቀንዷን፣ እግሯን፣ ጅራቷን ቆጠሩ። አንዱ የገበሬ ልጅ፣ ላሟ ከብዳለች፣ ልትወልድ ሳምንት ነው የቀራት፣ የቆመችበትም ረግረግ ነው አለ። እንግዲህ ምን እናድርግ ስትል ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያሉት ነው የመጨረሻው አረፍተ ነገር። አቶ ዋቅጅራም ሲነገራቸው እየሳቁ ላሟን ወደ ደረቁ አዛወሯት።

በሁለተኛው ዓመት ላሟ መስኮቱ ጋ አልነበረችም፤ ጽሑፉ ግን ደብተሯ ላይ ነበር። ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። በአሥረኛው ዓመት ማሳው ተሸነሸነ፤ በሃያኛው መስኮቱ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ ተከፈተ። እርግዝናውና ረግረጉ ከጽሑፉ መቼ እንደወጡ ራሷም አታስታውስም። የቀረው ስለዚህ የሚለው ብቻ ነው።

«ንብህን ስጠኝ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ንብን መጻፍ ጀመረች። ደክሟት ነበር፤ ጠመኔው ሲንኳኳ እንጂ ሌላ ድምፅ አለመኖሩም ደስ አሰኛት። ሃምሳ ሰባት ልጅ አቀርቅሮ ይገለብጣል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ አንድ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ጨረስኩ» አለ ብሩኬ።

ዞር አለች። «ምኑን? እኔ ገና ሐተታው ላይ ነኝ።»

«መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ልንንከባከባት ይገባል ነው አይደል? አስቀድሜ ጻፍኩት። መሐሉን ሲጽፉት ከላይ እሞላዋለሁ።»

ማሾፉ አልነበረም። ጊዜ ቆጥቦ ነው። ፅጌረዳ ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ልጁ የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ገጹ ግርጌ ላይ አስቀምጧል፤ በላዩ ላይ ባዶ መስመሮች አሉ፤ እዚያ ባዶ ውስጥ ንብም ትንኝም ኳስም ቢገባ ለውጥ የለውም። ዳስተሩን አንሥታ ሰሌዳውን ጠረገችው። ጀግንነት አልነበረም፤ እንዲያውም ክንዷ እየጠረገ ሳለ ልቧ ምን ሆነሻል ይላታል።

«ብሩኬ፣ ና ውጣ» አለች። ድምጿ ሹክሹክታ ነበር። «ዛሬ የታክሲ ረዳት ነህ።»

ፊት ያሉት ልጆች ያልሰሙትን ወደ ኋላ አቀበሏቸው፤ ረዳት ነው፣ ረዳት ነው እየተባለ እስከ መጨረሻው ዴስክ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ የሄደው በዚህ አይነት ነው። እሷ በቀስታ ትናገራለች፣ የፊተኛው ረድፍ ያቀብላል።

«ወዴት ነው የምትጭነው?»

«ሀና ማርያም።»

«ታዲያ ለሰው አስታውቅ።»

ብሩኬ ክንዱን በሌለ መስኮት አወጣ። «በላፍቶ ሀና፣ ሀና፣ ሀና፣ ሁለት ሰው የቀረው።»

«ውሸቱን ነው ቲቸር፣ ባዶ ነው» አለች ምስጢር የምትባል የፊት ረድፍ ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ፅጌረዳ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ሀና ማርያም ብሎ ጠርቶ ጎፋ ላይ ቢያራግፋችሁስ?»

«እንጣላዋለን።»

«እናቴ ትሰድበዋለች» አለች ምስጢር።

«ምን ብላ?»

«እሱ ክፍል ውስጥ አይባልም።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያማረው። አስረጂ ጽሑፍ የሚጀምረው ልክ እንደ ረዳቱ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢው ሳይሳፈር ሊያውቅ ይገባዋል። ስለ ዶሮ እነግራችኋለሁ ማለት አይበቃም፤ በአዲስ አበባ ታክሲ አለ እንደማለት ነው። ዶሮ እንቁላሏን እንዴት እንደምትታቀፍ እነግራችኋለሁ ሲባል ግን መንገዱ ታወቀ። ቀጥሎ ፌርማታ አለ። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ፌርማታ ነው፤ ላፍቶ የሚወርደው ሰው ጎፋ ላይ አይወርድም። ዶሮዋ ስለምትበላው የሚናገር አረፍተ ነገር ስለምትታቀፍበት በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ ከተገኘ፣ ተሳፋሪው ቦታውን ስቷል ማለት ነው።

«ደርሶ ሲቆምስ ረዳቱ ምን ይላል?»

«መጨረሻ ይላል» አለ ብሩኬ። «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ።»

«ስለዚህ ታክሲን ልንንከባከብ ይገባል አይልም?»

ብሩኬ አሰበበት። «ጊዜ የለውማ።»

ሦስቱ ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። ፅጌረዳ በሁለተኛው ሳምንት በአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ጀርባ አረፍተ ነገሮች ጽፋ በመቀስ ቆራረጠች፤ ልጆቹ በአምስት በአምስት ሆነው እያንዳንዱን ቁራጭ በፌርማታው እንዲያወርዱ ሰጠቻቸው። ጠብ ነበር። ይህ እዚህ አይወርድም፣ ይወርዳል፣ ምክንያትህን ንገረኛ። የማይናገሩት ልጆች እንኳ ቁራጩን ይዘው አንለቅም ይላሉ። እሷ በየቡድኑ እየዞረች ትቆማለች፤ እግሯ ይዝላል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለአሥር ደቂቃ ያህል አትነሣም።

ከሁሉ የከበዳት ቢፍቱ ነበረች። ቢፍቱ የአቶ ዋቅጅራ የልጅ ልጅ ናት። በቤቷ የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ስትጽፍ ቃላቱን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደምታመጣ ያስታውቃል። በመጀመሪያ ያቀረበችው ወረቀት «ትናንት አያቴ ራፉ ቆረጠ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረው።

«ራፉ ምንድን ነው?» አለች ፅጌረዳ ብታውቀውም።

«ጎመን።»

«ይህ ትናንት የሆነ ነገር ነው። አያትሽ ዛሬስ ቢቆርጡ? ነገስ? ሁልጊዜ ጎመን ሲቆረጥ የሚሆነው ምንድን ነው?»

«ሁልጊዜ?»

«አዎ። እኔ ጎመን የሚወለደው መርካቶ ነው የምል ሰው ነኝ እንበል። ምንም አላውቅም።»

ቢፍቱ መምህሯን በአዘኔታ አየቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁለት ቀን ጻፈች። አቶ ዋቅጅራ ከዚያ ሁሉ ማሳ ዛሬ የቀራቸው ወንዝ ዳር ያለች የጎመን መደብ ናት፤ ልጅቷ በየጠዋቱ አብራቸው ትወርዳለች፤ ስለዚህ መናገር የምትችለው ነገር ሞልቶ ነበር። ጽሑፏ ይህ ነው፦

«ይህ ጽሑፍ ጎመን ከመደብ እስከ ገበያ እንዴት እንደሚደርስ ይናገራል። ጎመን የሚቆረጠው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ምክንያቱም ፀሐይ ከነካው በኋላ የተቆረጠ ጎመን ቶሎ ይጠወልጋል። የሚቆረጠው የታችኛው ትልቁ ቅጠል ነው። የመሐሉ ለጋ ይቀራል፤ እንደገና ያድጋል።

የተቆረጠው ቅጠል እጅ ሲሞላ በሣር ይታሰራል። በጣም ከጠበቀ አገዳው ይሰበራል። ከላላ መንገድ ላይ ይበተናል። ሲያስሩ መናገር ጥሩ አይደለም፤ ቁጥር ይጠፋል።

የታሰረው ውሃ ይረጭበትና እርጥብ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ደረቅ ጆንያ የጎመኑን ውሃ ይጠጣል። እስከ ሦስት ሰዓት ካልተሸጠ የሚበላው ቤት ነው። መጨረሻ።»

ፅጌረዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደረቅ ጆንያ የጎመኑን ውሃ እንደሚጠጣ በሃምሳ አንድ ዓመቷ አሁን ማወቋ ነው። ከዚያ የሌሎቹን ወረቀቶች ገለጥ ገለጥ አደረገችና ትንፋሽዋን በረጅሙ ለቀቀች። ከሃምሳ ሰባቱ አርባ አንዱ የሚያልቁት «መጨረሻ» በሚለው ቃል ነው። ሌሎች አራቱ ደግሞ «መጨረሻ፣ ውረዱ» ብለዋል።

ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘሩ መጣ። አቶ ኑሪ ይባላል፤ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚሄድ፣ ከመናገሩ በፊት መነጽሩን የሚጠርግ ሰው ነው። አምሐ ከኋላው ገባ። አቶ ኑሪ በቀይና በሰማያዊ የተጻፈ ደብተር ሲጠብቅ የተሰጠው ሥርዝ ድልዝ የበዛበት ልቅ ወረቀት ነበር። አንዱን አነሣ፣ አስቀመጠ፤ ሌላ አነሣ። የቢፍቱን ወረቀት ሲያነብ ግን ተቀመጠ፤ ትንሹ የልጆች ዴስክ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ።

«ቁጥር ይጠፋል የሚለው ምንድን ነው?» አላት።

ቢፍቱ ወደ ፅጌረዳ አየች። ፅጌረዳ ራሷን ነቀነቀችላት።

«እስሮቹ ይቆጠራሉ» አለች ቢፍቱ። «ስታወራ ትረሳዋለህ። አያቴ ዝም በሉ ይላል።»

አንተ ማለቷን ክፍሉ ሰምቶ ትንፋሹን ዋጠ። አቶ ኑሪ ግን ወደ ብሩኬ ዞሯል። የብሩኬ ጽሑፍ የወባ ትንኝ በቆመ ውሃ ላይ እንደምትፈለፈልና ውሃው ከፈሰሰ እንደማትፈለፈል ይናገራል፤ በመጨረሻም «ስለዚህ ከቤት ፊት ያለ የቆመ ውሃ ይፍሰስ። መጨረሻ።» ይላል።

«ይህ መጨረሻ የምትሉት ምንድን ነው? ሁላችሁ ጽፋችሁታል።»

«ታክሲው ደርሷል ማለት ነው» አለ ብሩኬ። «ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው።»

አቶ ኑሪ መነጽሩን ጠረገ። ሲወጣም የፅጌረዳን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ወረቀቶቹን ሁሉ ፎቶ እንዲያነሣ ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀ። ስለ ፌርማታውና ስለ ወረቀት ቁራጮቹ ብዙ ጠየቃት፤ እሷም በሹክሹክታ፣ ድካሟን ለጥቂት ጊዜ ረስታ ሁሉንም አስረዳችው።

ጥፋቱ እዚያ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አምሐ አስጠራት። ቁልፉን ልትቀበል ነበር የሄደችው፤ ፊቱን ስታይ ግን ቁልፍ እንደሌለ ገባት።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ ጠረጴዛውን እያየ። «ሞዴል መምህር ብሎ ጽፎሻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ይመጣሉ፤ አንቺ እንድታሳያቸው ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ፅጌ፣ እንዲህ ያለች መምህር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቆለፍ ግፍ ነው አለ። ራሱ ነው ያለው። ምን ልበለው?»

«ክፍሉን አሳምሪና ውጪ ብለኸኝ ነበር።»

«እንዲህ ታሳምሪዋለሽ ብዬ መች አሰብኩ?»

«የሐኪሙስ ወረቀት?»

«ፋይል ውስጥ አለ። እረፍት ያስፈልጋታል ይላል።» አምሐ እጆቹን ዘረጋ። «እዚህ ግቢ ውስጥ እረፍት የማያስፈልገው ማን አለ? ጥበቃው ሁንዴሳ እንኳ ወገቡን ይዞ ነው የሚቆመው።»

መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች፤ አየር ብቻ ወጣ። ምክንያቱ ይህ ነው ብላ እንዳታስረዳው የምታስረዳበት ድምፅ ራሱ ነበር የጠፋባት። ወጣች።

የአራተኛ «ለ» ክፍል ባዶ ነበር። ከፊት ያለው ዴስክ ላይ ተቀምጣ የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ በመስኮት አየች። አምሐ ክፉ ሰው አይደለም። የሐኪሙ ወረቀት ለምን እንዳልነካው አሰበች፤ ድካሟ ውስጥም ቢሆን ይህ ጥያቄ ያጓጓት ነበር። እረፍት ያስፈልጋታል። እሺ፣ ከላይ ምን አለ? ምንም። ትንኝን ልንንከባከባት ይገባል እንደማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ የቆመ፣ ፌርማታ የሌለው አረፍተ ነገር። አምሐ የተሳፈረበት መንገድ ስለሌለ የትም አልደረሰም። ልቅ ወረቀት ሳበችና እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«የአስተማሪ ድምፅ። ይህ ጽሑፍ የአንዲት አስተማሪ ድምፅ በአንድ ሳምንት ምን ላይ እንደሚውል ያስረዳል።

ድምፅ የሚወጣው ጉሮሮ ውስጥ ካሉ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ነው። አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ፤ ጮክ ሲባል ይጋጫሉ።

አስተማሪዋ በሳምንት ሃያ አራት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች። አንዱ አርባ ደቂቃ ነው። በአንዱ ክፍል ሃምሳ ሰባት ልጆች አሉ። ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ዴስክ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሁለተኛው ረድፍም አይሰማም፤ በዚያን ጊዜ የምትናገረው በመጮህ ነው።

ክሮቹ ሲጋጩ ይቆስላሉ። ሲቆስሉ ያብጣሉ። ያበጡ ክሮች ድምፅ ለማውጣት ከበፊቱ የበለጠ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ያ ኃይል ደግሞ የበለጠ ያቆስላቸዋል። አስተማሪዋ ባለፉት ሦስት ሳምንታት በሹክሹክታ ተናግራለች፤ ሐኪሙ እንዳለው ሹክሹክታም ያደክማቸዋል። በዚህ አኳኋን ድምጿ ሰኔ ላይ አይደርስም። በሚቀጥለው ዓመት ለማስተማር የሚተርፍ ነገር አይኖርም።»

እስክሪብቶው እዚህ ቆመ። መጨረሻ ብላ ልትጽፍ አሰበችና ተወችው። ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበች፤ ክሮቹን፣ ሃያ አራቱን፣ አሥራ አንዱን እርምጃ። ከዚያ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ መጣላት። ሌላ ፈለገች፤ ሌላ የሚስማማ አልነበረም። «ስለዚህ» ብላ ጻፈች፣ «ልንንከባከባት ይገባል።» ወረቀቱን አጥፋ በአምሐ በር ስር አስገባችውና ወደ ታክሲ ሰልፉ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት አምሐ ከሰልፍ በኋላ ጠራት። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«አሥራ አንድ እርምጃ ነው ያልሽው። ዓርብ ሄጄ ለካሁት። ዘጠኝ ነው።»

«የአንተ እርምጃ ረጅም ነው» አለች በሹክሹክታ።

«እሱንም አሰብኩት።» መሳቢያውን ከፈተ። «ለኑሪ ደውዬ አነበብኩለት፤ እስከ መጨረሻው ሰማና ወረቀቱን ላክልኝ አለ። አሁን የምችለው ይህን ነው። ‹ሀ› እና ‹ሐ› ወደ ሃምዛ ይሄዳሉ። ‹ለ›ን ጠዋት ጠዋት ትይዢያለሽ፤ እሱን የሚወስድ ሰው የለኝም። ቅዳሜውን ሃምዛ ይናገራል፣ አንቺ ትቀመጫለሽ።» ቁልፉን ወደ እሷ ገፋው። «ግማሽ ነው፣ አውቃለሁ።»

ግማሽ ነው። ወሰደችው።

ሃምዛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «ቲቸር፣ መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ነው የጫኑብኝ። አሁን ደግሞ የእኔ ጉሮሮ ነው ሊሄድ።»

«በቀስታ ተናገር። የፊተኞቹ ያቀብሉልሃል።»

«ንቧንስ ምን ላድርጋት?»

«ንብ አይተህ ታውቃለህ?»

«ቀርቤ? የለም።»

«እንግዲያው ያየኸውን ጻፍ» አለችና አለፈች፤ ከዚህ በላይ የሚወጣ ድምፅ አልነበራትም።

ቤተ መጻሕፍቱ አቧራ አቧራ ይላል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እግሩ በካርቶን የተደገፈ መደርደሪያ፣ ወደ መንገዱ የሚያይ መስኮት አለ። ፅጌረዳ ተቀመጠች። ሃምሳ ሰባቱን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቷ አኖረች፤ ነገ ጠዋት ጽሑፋቸውን ሁሉ «መጨረሻ» ብለው ከዘጉት አርባ አምስት ልጆች ጋር ስለዚያች ቃል መነጋገር አለባት፤ ከየት እንደምትጀምርም ገና አላወቀችም። ቀይ እስክሪብቶውን አነሣች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ውጪ አንድ ረዳት ሀና፣ ሀና ይላል። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድም ቃል ሳትናገር ተቀመጠች።